እንግዳ ይጠራ ወይስ በቤት ልጆች ይሸፈን? ሰው የጎደለበት የስፒድዌይ ቡድን ምርጫዎች

እሁድ ማታ ስልክ ይጮኻል። የቡድኑ ቁጥር አንድ ፖላንድ ሲወዳደር ወድቆ ትከሻው ተሰብሯል። ሰኞ ማታ ደግሞ ማንቸስተር ላይ የሊግ ግጥሚያ አለ። ቡድን መሪው አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ቀርቶታል። ምን ያድርግ?

በእንግሊዝ ስፒድዌይ እንዲህ ያለው ስልክ ብርቅ አይደለም። ያኔ አብዛኛው ደጋፊ «ቶሎ እንግዳ ይፈለግ» ይላል። ከሌላ ክለብ ለአንድ ማታ የሚመጣ ተወዳዳሪ ማለቱ ነው። እኔ በዚህ ሁልጊዜ አልስማማም። በሜዳው የሚወዳደር ቡድን እንግዳ ሲጠራ ብዙ ጊዜ ነጥብ እየጣለ ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ በቁጥር አሳያለሁ። በቅድሚያ ግን ስፖርቱን ለማያውቅ ሰው ጥቂት ልበል።

አራት ሞተረኞች፣ አራት ዙር፣ አንድ ደቂቃ ገደማ። በቃ ይኸው ነው። ሞተሩ 500 ሲሲ ነው፣ ነዳጁ ሜታኖል፣ ማርሹ አንድ ብቻ። ፍሬን የለውም። ኩርባው ላይ የኋላ ጎማውን እያንሸራተቱ፣ ብረት የተገጠመለትን የግራ ጫማቸውን መሬት ላይ እየጎተቱ ይዞራሉ። አንደኛ የወጣ 3 ነጥብ ያገኛል፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1። አራተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። አንዱ እንዲህ ያለ ፉክክር ሂት ይባላል። በአንድ የሊግ ግጥሚያ 15 ሂት አለ፤ በእያንዳንዱ ሂት ከየቡድኑ ሁለት ሁለት ሰው ይሰለፋል።

ቡድኑ ሰባት ሰው ነው። ከ1 እስከ 5 ዋናዎቹ ናቸው፣ 6 እና 7 ተጠባባቂዎች። ተጠባባቂ ሲባል እንደ እግር ኳሱ ወንበር ላይ የሚቀመጥ እንዳይመስላችሁ። እነሱም የራሳቸው መደበኛ ሂት አላቸው። ስለዚህ አንድ ሰው ሲቀር ከኋላ ተነስቶ የሚገባ ትርፍ ሰው የለም። የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ምክንያት የቀን መቁጠሪያው ነው። ጥሩ ተወዳዳሪ በአንድ ሊግ አይወሰንም። እሁድ ፖላንድ፣ ሰኞ እንግሊዝ፣ ማክሰኞ ስዊድን፣ ሐሙስ እንደገና እንግሊዝ። ቅዳሜ የዓለም ሻምፒዮናው ግራንድ ፕሪ ሊኖር ይችላል። ሰውየው በሳምንት አራት ጊዜ ፍሬን በሌለው ሞተር ላይ ይወጣል። መውደቁ የማይቀር ነው። ባይወድቅም አንድ ቀን በረራ ያመልጠዋል፣ ወይም ሁለት ግጥሚያ በአንድ ቀን ይደራረብበታል።

መጀመሪያ አማካዩን ተመልከቱ

በእንግሊዝ ሁሉም ነገር የሚለካው በአማካይ ነው። አንድ ተወዳዳሪ ያገኘው ነጥብና ቦነስ ይደመራል፣ በወጣባቸው ሂቶች ብዛት ይካፈላል፣ ከዚያ በ4 ይባዛል። ቦነስ የሚሰጠው ከራሱ የቡድን ጓደኛ ቀጥሎ፣ ግን ቢያንስ አንድ ባላጋራ ቀድሞ ለገባ ሰው ነው። በ4 የሚባዛው አንድ ዋና ተወዳዳሪ በግጥሚያ አራት መደበኛ ሂት ስላለው ነው። እንግዲህ አማካዩ 8 የሆነ ሰው በአንድ ሂት 2 ነጥብ ይጠበቅበታል ማለት ነው። ጣሪያው 12 ነው፤ አራቱንም ያሸነፈ።

ይህን ቁጥር ያዙት። ምርጫው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚዞረው።

እንግዳው

የእንግዳ ደንብ በየዓመቱ ይነካካል። መሠረታዊ ሐሳቡ ግን አይለወጥም፦ የቀረውን ሰው የሚተካው እንግዳ አማካዩ ከቀረው ሰው መብለጥ የለበትም። በ8 ፋንታ 10 አምጥቶ ቡድን ማጠናከር አይቻልም። መቅረቱም በቂ ምክንያት ይፈልጋል፤ ጉዳት፣ ሕመም፣ ወይም ዓለም አቀፍ ውድድር።

ወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሐዊ ነው። 8 ሄደ፣ 8 መጣ። ችግሩ የአማካዩ አሠራር ላይ ነው። ያ 8 የተሰላው የሜዳውንም የውጪውንም ደባልቆ ነው። ስፒድዌይ ላይ ደግሞ የሜዳ ጥቅም ከባድ ነው። በሜዳው 9 የሚያመጣ ልጅ ውጪ ሲወጣ 7 ሊሆን ይችላል። እንግዳ ሆኖ የሚመጣ ሰው ደግሞ የትም ቢሄድ በሜዳው አይደለም። የእናንተ ሜዳ ለእናንተ ቤት ነው፤ ለእሱ ግን ውጪ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከቅርብ ለማየት ፒትስ ውስጥ፣ ተወዳዳሪዎች ሞተራቸውን የሚያዘጋጁበት ቦታ፣ ግቡ። እንግዳው መኪናውን አቁሞ ሁለቱን ሞተሮች ያወርዳል። ሰደርያውን ይቀበላል፤ ትናንት ተቃራኒው የነበረውን የክለብ ዓርማ ደረቱ ላይ ያደርጋል። ከዚያ ትራኩን በእግሩ ይዞራል። አፈሩን በጫማው ይጭራል፦ ውስጥ በኩል ጠንከር ያለ ነው? ውጪ በኩል ልል አፈር ተከምሯል? ተመልሶ መካኒኩን ያናግራል። ማርሹ አንድ ብቻ ስለሆነ ጉልበቱን የሚያስተካክለው የኋላ ጎማውን የሰንሰለት ጥርስ በመቀየር ነው። ሼፊልድ ኦውለርተን 360 ሜትር ገደማ ነው፣ ፈጣን ነው። ኢፕስዊች ፎክስሆል 300 ሜትር አካባቢ ነው። ለአንዱ የሚሆነው ጥርስ ለሌላው አይሆንም። የቤት ልጅ ይህን በቃሉ ያውቀዋል። እንግዳው የመጀመሪያ ሂቱን ለሙከራ ያውለዋል፣ ምናልባትም ሁለተኛውን። ከአራት ሂት ሁለቱ በሙከራ ካለቁ የቀረው ሁለት ነው።

ሌላው ጣጣ ጥንድነቱ ነው። አንድ ሂት ላይ ሁለት የቡድን ጓደኛሞች አንደኛና ሁለተኛ ከወጡ ውጤቱ 5 ለ 1 ይሆናል። አንደኛና አራተኛ ከሆኑ 3 ለ 3 ነው፤ ምንም አልተገኘም። 5 ለ 1 እንዲመጣ ከፊት ያለው ሰው ትንሽ ጋዝ ቀንሶ፣ ባላጋራውን ወደ ውጪ ገፋ አድርጎ፣ ለጓደኛው ውስጥ በኩል መንገድ ይከፍታል። በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በሚያልፍ ፍጥነት፣ ፍሬን ሳይኖር፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት። ይህን የምታደርገው ከምታምነው ሰው ጋር ነው። ጓደኛህ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ወደ ውጪ እንደሚወጣ ወይም መስመሩን ይዞ እንደሚቀር ማወቅ አለብህ። ከእንግዳ ጋር ይህ እውቀት የለም። ፒትስ ውስጥ አምስት ደቂቃ ቢያወሩም አይመጣም። እንግዳዎች ነጥብ ያመጣሉ፤ ጥንድ ሆነው 5 ለ 1 ማምጣት ግን ይከብዳቸዋል።

ስለ ታማኝነቱም ብዙ ይባላል። የሰፈር ኳስ ላይ ሰው ጎድሎ ከማዶ ሰፈር ልጅ ሲጠራ «ለኛ ነው ለነሱ የሚጫወተው?» እንደሚባለው ነው። እኔ ይህ የተጋነነ ይመስለኛል። ተወዳዳሪ የሚከፈለው በነጥብ ነው። ለማንም ቢወዳደር ባዶ ከወጣ ባዶ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፦ የሊጉ ሠንጠረዥ። የእንግዳው ክለብ ለፕሌይኦፍ፣ ዋንጫው ለሚወሰንበት የመጨረሻ ዙር፣ ከእናንተ ባላጋራ ጋር አንገት ለአንገት ከሆነ እንግዳው ያን ባላጋራ ሲጥል ለራሱም ክለብ እየሠራ ነው። ይህ ለእናንተ ጥሩ ነው። ተቃራኒው ሲሆን ግን፣ የእናንተ ማሸነፍ ክለቡን የሚጎዳ ከሆነ፣ ልጁን ጣጣ ውስጥ ባትከቱት ይሻላል። ባይሸነፍ ይጠረጠራል፣ ቢሸነፍም ይጠረጠራል።

ራይደር ሪፕሌስመንት

ሁለተኛው መንገድ ማንንም አለመጥራት ነው። የቀረውን ሰው አራት ሂቶች የቡድኑ ልጆች ይከፋፈሏቸዋል። በመሠረቱ አንድ ሰው ከእነዚህ ሂቶች አንዱን ብቻ ነው መውሰድ የሚችለው። ስለዚህ አራት የተለያዩ ሰዎች ያስፈልጋሉ። እንግሊዞቹ ፕሮግራማቸው ላይ በሁለት ፊደል ያሳጥሩታል፤ ደጋፊው ስም በሚጠብቅበት ቦታ ያን ሲያይ ፊቱን ያጨማድዳል። ሰባት ሰው ለማየት ከፍሎ ስድስት ያያል።

ግን ሒሳቡን እንሥራ። ምሳሌ ነው፣ ቁጥሩ የእኔ ነው። የቀረው ሰው አማካይ 8 ነው እንበል። ሌሎቹ የቡድኑ ልጆች 9፣ 7፣ 6.5፣ 6፣ 5.5 እና 4 ናቸው። አራቱን ሂቶች ለመጀመሪያዎቹ አራት ሰጠናቸው። ድምራቸው 28.5፣ ለ4 ሲካፈል 7.1 ይመጣል። ስለዚህ ራይደር ሪፕሌስመንት 7.1 ነጥብ ይሰጣል፣ እንግዳው 8። እንግዳው አሸነፈ?

አልቸኩልም። የሜዳውን ነገር ጨምሩበት። ሰው በሜዳው በአማካይ 1 ነጥብ ይጨምራል፣ ውጪ 1 ይቀንሳል ብለን እናስብ። ግጥሚያው በሜዳችን ከሆነ የእኛ ልጆች 7.1 ሳይሆን 8.1 ያመጣሉ። እንግዳው ግን ለእሱ ውጪ ነውና 7 ነው። ራይደር ሪፕሌስመንቱ በ1.1 ይበልጣል። ግጥሚያው ውጪ ከሆነስ? የእኛ ልጆች ወደ 6.1 ይወርዳሉ፤ እንግዳው ያው 7 ነው። እዚህ እንግዳው ይበልጣል።

ክርክሬ ይኸው ነው። በሜዳችሁ ከሆናችሁ የቤት ልጆችን፣ ውጪ ከሆናችሁ እንግዳን። የ1 ነጥብ ልዩነት ለ90 ነጥብ ግጥሚያ ኢምንት ይመስላል። 46 ለ 44 የሚያልቁ ግጥሚያዎችን ያየ ሰው ግን ኢምንት አይለውም።

ሌላም ነገር ከዚህ ሒሳብ ይወጣል። የራይደር ሪፕሌስመንት ውጤት የሚወሰነው በተሰለፉት ልጆች ነው፤ ማን እንደቀረ ግድ የለውም። የእንግዳው ጣሪያ ግን የቀረው ሰው አማካይ ነው። ስለዚህ የቀረው ሰው ትልቅ በሆነ ቁጥር እንግዳው ይጠቅማል፣ መካከለኛ በሆነ ቁጥር ራይደር ሪፕሌስመንቱ። አማካዩ 6 የሆነ ሰው ቀርቶ፣ ደንቡ እየፈቀደላችሁ፣ በሜዳችሁ እንግዳ ብትጠሩ ገንዘብ ከፍላችሁ ነጥብ ሸጣችሁ ማለት ነው። ሁለት ሰው ከጎደለ ደግሞ ራይደር ሪፕሌስመንት የሚሠራው ለአንዱ ብቻ ነው። ያኔ ለትልቁ እንግዳ ፈልጉ፣ ትንሹን በቤት ልጆች ሸፍኑ።

ወረቀቱ የማያሳየው አንድ ነገር አለ፤ ፎርም። ግንቦት ላይ አማካዩ 4 የነበረ ወጣት ነሐሴ ላይ ነብር ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ በተጠባባቂ ቁጥር ካላችሁ ራይደር ሪፕሌስመንት ወርቅ ነው። አማካዩ ከእውነተኛ አቅሙ ወደኋላ የቀረ ነውና በርካሽ የተገዛ ጉልበት ነው።

አደጋውንም አልደብቅም። በስድስት ሰው ነው የምትጀምሩት። ሂት 1 ላይ አንዱ ወድቆ ሆስፒታል ከሄደ አምስት ቀራችሁ። ሌሎቹ በተከታታይ ሂት ይወጣሉ፣ ሞተሩ ይግላል፣ መካኒኩ ጎማ ለመገልበጥ ጊዜ ያጣል፣ ክንድ ይዝላል። አንድ ሰው በአንድ ግጥሚያ ከ7 ሂት በላይ መውጣትም አይችልም። ትራኩ ዝናብ ነክቶት የሚያዳልጥ ከሆነ፣ ወይም ከልጆቻችሁ አንዱ ካለፈው ሳምንት ጉዳት ገና ያላገገመ ከሆነ፣ በሜዳችሁም ቢሆን እንግዳ ይጠራ። ያን ቀን 1 ነጥብ ከማትረፍ ሰባት ጤነኛ ሰው መያዝ ይበልጣል።

እንግዳ ከሆነ፣ የትኛው?

ብዙ ቡድን መሪዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። የአማካይ ዝርዝሩን ያወጣሉ፣ ከጣሪያው በታች ትልቁን ቁጥር ይፈልጋሉ፣ ይደውላሉ። 7.98 ከ7.60 ይበልጣል፣ አለቀ።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ትራኩ ነው። ይህ ሰው ሰኞ በምንሄድበት ሜዳ ለስንት ዓመት ተወዳድሯል? የእንግሊዝ ተወዳዳሪ በሙያ ዘመኑ ብዙ ክለብ ይቀያይራል። የባላጋራችሁ የቀድሞ ልጅ ምናልባት ዛሬ ሌላ ክለብ ውስጥ 7.20 ይዞ ተቀምጧል። እዚያ ትራክ ላይ ግን ሰባት ብቻ አይደለም። ጥርሱን ያውቃል፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ አፈሩ የት እንደሚከመር ያውቃል። 7.98 ይዞ ትራኩን በዓመት አንዴ ከሚያይ ሰው ይሻላል። ባላጋራው የማንቸስተሩ ክለብ ቤል ቩ ሲሆን ይህ ይበልጥ ይሠራል። የማንቸስተሩ ናሽናል ስፒድዌይ ስታዲየም 2016 ላይ የተከፈተ ነው፤ 347 ሜትር፣ ሰፊ፣ ከውጪ በኩል ሰው እየቀደመ የሚሄድበት። ጠባብ ትራክ የለመደና ውስጥ መስመር ሙጥኝ የሚል ሰው እዚያ ሲገባ ዓይኑ እያየ ከውጪ ያልፉታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ማን ነፃ ነው የሚለው ነው። ይህ ከሚመስለው በላይ ያጠባል። በ2024 በእንግሊዝ ስፒድዌይ ከፍተኛ ሊግ፣ በፕሪሚየርሺፑ፣ ውስጥ ሰባት ክለቦች ነበሩ፦ ቤል ቩ፣ በርሚንግሃም፣ ኢፕስዊች፣ ኪንግስ ሊን፣ ሌስተር፣ ኦክስፎርድና ሼፊልድ። አንድ ማታ ሁለት ግጥሚያ ካለ አራቱ ሥራ ላይ ናቸው። ሦስት ቀሩ። ከእነዚህ ከእያንዳንዳቸው ከ7 እስከ 8 አማካይ ያለው አንድ ወይም ሁለት ሰው ቢኖር ነው። አንዱ ተጎድቷል፣ አንዱ ስዊድን ለመሄድ ኤርፖርት ነው፣ የአንዱ ክለብ «ቢወድቅብንስ?» ብሎ ደስ አይለውም። በመጨረሻ ስልካችሁ ላይ ሁለት ስም ይቀራል። ያኔ የትራክ እውቀትን መስፈርት ማድረግ ቅንጦት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሁለት ስም ካላችሁ ሁለቱን አወዳድሩ።

ሦስተኛው አነሳሱ ነው። ስፒድዌይ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ነው። የመነሻው ላስቲክ ሲነሳ ፍሪሲዮኑን ጥሩ አድርጎ የሚለቅ ሰው ትራኩን ባያውቅም ከፊት ይወጣል፤ ከፊት ከወጣ ደግሞ የማንም አፈር ፊቱ ላይ አይረጭበትም። ከኋላ ተነስቶ እየቀደመ ነጥብ የሚሰበስብ ሰው የትራክ እውቀት ይፈልጋል። እንግዳ ስትመርጡ ፈጣን ተነሺውን ምረጡ።

ሌሎቹ መንገዶች

የቀረው ተጠባባቂ ከሆነ ብዙ አትጨነቁ። አማካዩ ትንሽ ስለሆነ ከታችኛው ሊግ ወጣት ይመጣል። እሱ ነጥብ ባያመጣ ልምድ ያገኛል፤ ወጪውም ቀላል ነው። የአገሬው ሰው ወጣቱን ያጨበጭብለታል እንጂ አይሳደብም።

ጉዳቱ ረጅም ከሆነ፣ የወራት ስብራት ከሆነ፣ በየሳምንቱ እንግዳ መቀያየር ቡድኑን ያፈርሰዋል። ሰኞ አንዱ፣ ሐሙስ ሌላው። ማንም ከማንም ጋር አይላመድም። ያኔ አማካዩ በቡድኑ የነጥብ ገደብ (የልጆቹ አማካይ ድምር ማለፍ በማይችለው ጣሪያ) ውስጥ የሚገባ ሰው አስፈርሙ። ከተጎዳው ትንሽ ቢያንስም ትራኩን ይለምዳል፣ ከጥንዱ ጋር ይግባባል፣ በአምስተኛው ግጥሚያ ከማንኛውም እንግዳ ይሻላል። ክለቦች ይህን የሚያዘገዩት «ልጃችን ቶሎ ይመለሳል» በሚል ተስፋ ነው። ከወደቀ ስፒድዌይ ተወዳዳሪ አፍ የሚወጣውን የመመለሻ ቀን አትመኑ። ሁሉም በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ ይላል።

ፖላንድ እንዴት ትኖራለች?

እንግዳን የሚቃወሙ ሰዎች ፖላንድን ይጠቅሳሉ። እውነት አላቸው። በዓለም ትልቁ ገንዘብና ትልቁ ተመልካች ያለበት ሊግ ኤክስትራሊጋ ነው፤ እዚያ እንግዳ የተለመደ ነገር አይደለም። ሰው ሲጎድል እንደ ራይደር ሪፕሌስመንት ያለ የራሳቸው ደንብ አላቸው፣ ካልሆነም የክለቡ ወጣቶች ይወጣሉ። እንግዳን በጊዜያዊነት የፈቀዱት 2020 ላይ በኮቪድ ምክንያት ነበር።

ግን ፖላንዶቹ ወጣት አላቸው። እያንዳንዱ ቡድን ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ፖላንዳውያን እንዲያሰልፍ ደንቡ ያስገድዳል፣ ስለዚህ ክለቡ ያሳድጋል። የእንግሊዝ ክለብ ያን ያህል ኪስ የለውም። ስታዲየሞቹም እየተዘጉ ነው፦ ስዊንደን ከ2019 በኋላ አልተወዳደረም፣ ወልቨርሃምፕተንና ፒተርቦሮ 2023 መጨረሻ ላይ ሜዳቸውን አጡ። እንዲህ ባለ ሊግ እንግዳን ጨርሶ ከልክሉ ማለት ግማሹን ግጥሚያ በስድስት ሰው ተወዳደሩ ማለት ነው።

ፕሌይኦፍ ላይ ግን ሐሳቤ ይለያል። ዓመቱን ሙሉ ቡድኑን እዚያ ያደረሱት ልጆች ናቸው። በፍጻሜው ማታ ዋንጫውን የሚወስነው የመጨረሻ ሂት ላይ የሌላ ክለብ ሰው ከወጣና ካሸነፈ ደጋፊው ምን ብሎ ይጨፍራል? ስለዚህ ለፕሌይኦፍ ሒሳቡ እኩል ከሆነ፣ እንዲያውም በግማሽ ነጥብ ቢያንስም፣ የቤት ልጆችን እመርጣለሁ። ከአንድ ነጥብ በላይ ከሆነ ግን ስልኬን አነሳለሁ።